ከለጋምቦ በግ እስከ ቦርከና ወንዝ፤ የአንድ ሌጦ ሒሳብ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ አቋርጦ ያልፋል። መካነ ሰላም ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚገኘው የለጋምቦ ደጋ ከእርሷም ከፍ ይላል። በከፍተኛው ደጋ ጤፍ አይታሰብም፤ ብርዱን የሚችለው ገብስ ነው፤ ገብሱንም ውርጭ ወይም በረዶ የመታው ዓመት ቤተ ሰቡን ከችግር የሚያወጣው በግ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ የልጅ ደብተር የሚገዛው፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰደው በግ ተሸጦ ነው።

የበጉ ሥጋ እዚያው ሊበላ ይችላል። ጠጉሩም ተፈትሎ ዝተት ወይም በርኖስ ይሆናል። ሌጦው ግን ይጓዛል። (በንግዱ ቋንቋ የከብቱ «ቆዳ»፣ የበጉና የፍየሉ ግን «ሌጦ» እንደሚባል ለከተማ ልጆች ማስታወስ ሳይጠቅም አይቀርም።) ከገበሬው እጅ ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ቆዳ ፋብሪካው ያልፋል። ለወሎ ደጋ በጣም የሚቀርበው የፋብሪካ ከተማ ኮምቦልቻ ነው። ሌጦው ይህን መንገድ ሲጓዝ አብዛኞቻችን የማናስተውለው አንድ ድንበር ይሻገራል። በመካነ ሰላም ላይ የዘነበ ዝናብ በገደሉ ወርዶ ዐባይን ይቀላቀላል። በኮምቦልቻ የዘነበው ግን ቦርከናን፣ በቦርከና በኩልም አዋሽን ይይዛል። በሌላ አነጋገር የዐባይ ተፋሰስ በግ ሌጦ የሚታጠበው በአዋሽ ተፋሰስ ውኃ ነው።

ይህን ጉዞ ያነሣነው ስለ ቆዳ ንግድ ብቻ ለማውራት አይደለም። በአሁኑ ጊዜ በየስብሰባውና በየማስታወቂያው እየተደጋገመ ስለሚሰማው «የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት» ስለሚባለው ነገር በሚጨበጥ ምሳሌ ለመነጋገር እንጂ። ሐሳቡ የተወለደው በንግድ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቢሆንም፣ እኛ የፊዚክስ መምህራን ስለ እርሱ የምንለው አይጠፋም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ስጦታና ሒሳብ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሃዋርድ ቦወን ስለ ነጋዴ ማኅበራዊ ኃላፊነት መጽሐፍ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ሚልተን ፍሪድማን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የንግድ ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ሕግን አክብሮ ትርፉን ማሳደግ ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1987 በኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን «ዘላቂ ልማት» የሚለውን ቃል በዓለም ዙሪያ አስለመደው። ፍሬ ነገሩም የዛሬው ትውልድ የራሱን ፍላጎት ሲያሟላ የመጪውን ትውልድ ዕድል አያጥብብ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አይ.ኤስ.ኦ. 26000 የተሰኘው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ኃላፊነት መመሪያ ወጣ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ቃሉ ብዙውን ጊዜ የሚያያዘው ከስጦታ ጋር ነው። ድርጅቱ ለትምህርት ቤት ደብተር ያበረክታል፣ በበዓል ለአረጋውያን ማዕድ ያጋራል፣ ችግኝ ያስተክላል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። በዚህ ላይ የምናነሣው ነቀፋ የለም። ደብተሩን የተቀበለው ልጅ ይማርበታል፣ ያ መልካም ነው። ነገር ግን ስጦታ ከትርፍ ላይ ተቆንጥሮ የሚሰጥ ነገር ነው። ኃላፊነት ደግሞ ትርፉ ከመቆጠሩ በፊት፣ ገና በሥራው መካከል የሚገኝ ነገር ነው። አንድ ድርጅት ምን ሰጠ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ምን ወሰደ፣ ምንስ ለቀቀ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል ብለን እናምናለን።

የፊዚክስ ሰው ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚየ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ያጸናው ሕግ ቀላል ነው፤ በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። በአንድ በር የገባው በሌላ በር ይወጣል፣ ወይም ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ ዕድል የለውም። በውጭ አገር ለዶክትሬት ትምህርት በሠራንበት ቤተ ሙከራ የእያንዳንዱ የኬሚካል ጠርሙስ መግቢያና መውጫ በግራም ይመዘገብ ነበር፤ መዝገቡ ካልተመጣጠነ ቁልፍ አስረክቦ ወደ ቤት መሄድ አይቻልም። በጊዜው አሰልቺ ሆኖ ይታየን የነበረው ይኸው ልማድ፣ የአንድን ፋብሪካ ኃላፊነት ለመመዘን ከማንኛውም መፈክር የተሻለ መሣሪያ ነው።

በከበሮው ውስጥ ምን ይሆናል?

ጥሬ ሌጦ የሚበሰብስ ነገር ነው። ዋነኛው አካሉ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ሦስት ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው የሠሩት ነው። ይህ ገመድ በውኃ ውስጥ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ይተረተርና ይኮማተራል፤ ባክቴሪያም በቀላሉ ይበላዋል። ማልፋት ማለት ገመዶቹን እርስ በርስ ማያያዝ ነው። አያቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን ነበር። የዘመኑ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ የክሮሚየም ጨው ይጠቀማሉ። በግዙፉ ተሽከርካሪ ከበሮ ውስጥ ክሮሚየሙ በኮላጅን ሰንሰለቶች ላይ ካሉት የካርቦክሲል ቡድኖች ጋር ይተሳሰርና እንደ ድልድይ ያገናኛቸዋል። ከዚያ በኋላ ቆዳው የፈላ ውኃን ይችላል። መልኩ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላም በዚህ ደረጃ ላይ ያለው ቆዳ «ዌት ብሉ» ይባላል።

አሁን እስክሪብቶ እናንሣ። አንድ ቶን ለመልፋት የተዘጋጀ ቆዳ አለን እንበል። በተለመደው አሠራር ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል፣ ማለትም 80 ኪሎ ግራም የክሮሚየም ጨው ይጨመርበታል። ከጨው ሩብ ያህሉ ክሮሚየም ኦክሳይድ ነው፤ 20 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ከኦክሳይዱ ደግሞ 68 በመቶው ንጹሕ ክሮሚየም ስለሆነ ወደ ከበሮው የገባው ክሮሚየም 13.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከዚህ ውስጥ የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። መካከለኛውን 65 በመቶ ብንወስድ 8.9 ኪሎ ግራም በቆዳው ውስጥ ቀረ፤ 4.8 ኪሎ ግራም ከውኃው ጋር ወጣ።

ለአንድ ቶን ቆዳ ከመጀመሪያው እጥበት እስከ መጨረሻው ድረስ 40 ሜትር ኩብ ውኃ ወጣ ብንል፣ 4.8 ኪሎ ግራሙ በዚህ ሁሉ ውኃ ላይ ሲካፈል በሊትር 120 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በአገራችን ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም ወሰን በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። ልዩነቱ 60 እጥፍ ነው። «ታዲያ በውኃ እናቅጥነው» የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ለአንድ ቶን ቆዳ ብቻ 2,400 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 12,000 በርሜል ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል። ይህንንም ቢያገኝ 4.8 ኪሎ ግራሙ ያው 4.8 ኪሎ ግራም ነው። የቀጠነው ቁጥሩ እንጂ ጭነቱ አይደለም።

በኮምቦልቻ የተለካው

እስካሁን ያልነው በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ነው። በመሬት ላይ ያለውን ለማወቅ መለካት ይጠይቃል። በዚህ ረገድ በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስክንድር ዝናቡና በኔዘርላንድስ ባልደረቦቹ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ሊጠቀስ ይገባዋል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ማለት ነው፣ በኮምቦልቻ ከሚገኙ አምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽ፣ እንዲሁም ፍሳሹን ከሚቀበሉ ሁለት ወንዞች ናሙና ወሰዱ።

ያገኙት ቁጥር ከላይ የሠራነውን ስሌት ያህል ባይከፋም የሚያስደነግጥ ነው። የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ የክሮሚየም ይዘት መካከለኛ ዋጋ በሊትር 26.6 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ከአገሪቱ ወሰን ከ13 እጥፍ በላይ ነው። የብረታ ብረት ፋብሪካው ፍሳሽ ደግሞ በሊትር 155 ሚሊ ግራም ዚንክ ነበረበት። በፍትሕ ለመናገር ያህል፣ የቢራው፣ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋ ማቀነባበሪያው ፍሳሽ በተለኩት ብረታ ብረቶች ረገድ ከወሰኑ አላለፈም። ሁሉንም ፋብሪካ በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ተገቢ አይደለም።

በወንዙ ላይ የታየው ለውጥ ይበልጥ ያስተምራል። የለዮሌ ወንዝ ከፍሳሹ በላይ በሊትር 0.051 ሚሊ ግራም ክሮሚየም ነበረው። ከቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ በታች ግን 2.66 ሆነ፤ 52 እጥፍ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን 0.05፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ የሚመክረው 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር መሆኑን ስናስታውስ፣ ወንዙ ከፋብሪካው በላይ በመጠጥ ውኃ ወሰን ጫፍ ላይ እንደነበር፣ ከፋብሪካው በታች ደግሞ ለጎመን ማሳ እንኳ የማይመከር እንደሆነ እንረዳለን።

ተማሪዎቻችን ከነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንድ ተጨማሪ ነገር ማውጣት ይችላሉ። የወንዙ ውኃ 0.051፣ ፍሳሹ 26.6፣ ቅልቅሉ 2.66 ከሆነ፣ በቅልቅሉ ውስጥ ያለው የፍሳሽ ድርሻ ስንት ነው? ከቅልቅሉ የወንዙን ቀንሶ፣ ፍሳሹ ከወንዙ ለሚበልጥበት መጠን ማካፈል ነው፤ መልሱ 0.098 ይመጣል። በናሙና መውሰጃው ቦታ ከአሥር ባልዲ ውኃ አንዱ ባልዲ የፋብሪካ ፍሳሽ ነበር ማለት ነው። (ቁጥሮቹ በአንድ ቅጽበት ያልተለኩ መካከለኛ ዋጋዎች ስለሆኑ መልሱ ግምት ነው።) ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር፣ ይህ ሁሉ የተለካው በክረምት፣ ወንዙ በሞላበት ወቅት መሆኑ ነው። በበጋ ወንዙ ይሳሳል፤ ፋብሪካው ግን የዝናብ ወቅት ጠብቆ አይሠራም።

ልኬቱ ከተደረገ ዓመታት አልፈዋል። ኮምቦልቻም ከዚያ ወዲህ ብዙ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ በጦርነቱ ከተማዋ ተይዛ ፋብሪካዎቿ ዝርፊያና ጉዳት ደረሰባቸው። ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች የዛሬው ሁኔታ መግለጫ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል። ለወደፊቱ ልኬት መነሻ ሆነው ግን ያገለግላሉ።

ወደ ባሕር የማይደርስ ወንዝ

የቦርከና ውኃ የሚሄድበትን አቅጣጫ በካርታ ላይ የተከተለ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ወንዙ ከኮምቦልቻ ወርዶ በከሚሴ አቅራቢያ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል፤ በበጋ የአርብቶ አደሩ ከብት ሣር ፍለጋ የሚወርደው ወደዚሁ ረግረግ ነው። ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጉዞ አድርጎ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወደ ባሕር አይደርስም። ውኃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ ያመጣው ሁሉ ግን እዚያው ይቀራል።

በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ «ዝግ ሥርዓት» የሚባለውን ነገር በአገራችን መልክዓ ምድር ላይ ለማሳየት ከአዋሽ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ክሮሚየሙ ሁሉ አቤ ሐይቅ ይደርሳል ማለታችን አይደለም። ከሚለፋው ቆዳ የሚወጣው ሦስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ከደለል ጋር የመጣበቅ ጠባይ ስላለው አብዛኛው በቅርብ፣ በወንዙ ወለልና በረግረጉ ጭቃ ውስጥ ይከማቻል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ ዓይነቱ ክሮሚየም ስድስት ቫለንስ ካለው ወንድሙ ይልቅ መርዛማነቱ በጣም ያነሰ ነው። ሆኖም በአፈር ውስጥ የሚገኙ የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች የተወሰነውን ክፍል ወደ አደገኛው ዓይነት ሊለውጡት ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ከሰው ገላ ጋር በሚነካካ የቆዳ ዕቃ ውስጥ በአንድ ኪሎ ግራም ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም እንዳይኖር የከለከለው ይህንን ዓይነት ፈርቶ ነው። የአውሮፓ ገዢ እጅ በጓንቱ በኩል ተጠብቋል። የጨፋ ላም ግን ጓንት የላትም።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጡ። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች ከወሰን በላይ እንዳይለቁ፣ የፍሳሻቸውንም መዝገብ እንዲይዙ ያዛል። የኮምቦልቻው ጥናት አዘጋጆችም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ሕጉ አለ፣ አፈጻጸሙ ግን ከኢንቨስትመንት ፍላጎት ጋር አልተጣጣመም።

መፍትሔው ደግሞ ምሥጢር አይደለም። የከበሮውን ሙቀት፣ ጊዜና የአሲድነት መጠን በመቆጣጠር ቆዳው የሚይዘውን ክሮሚየም ወደ 90 በመቶ ማድረስ ይቻላል። በእኛ ምሳሌ ከከበሮው የሚወጣው ከ4.8 ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይወርዳል ማለት ነው። የቀረውን የልፊያ ውኃ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻው አጠራቅሞ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ቢጨምሩበትና ፒኤች ልኬቱን ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ቢያደርጉት፣ ክሮሚየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ወደ ታች ይዘቅጣል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ እንደገና ማልፊያ ጨው ይሆናል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ኬሚካል ሦስተኛውን እጅ ወንዝ ውስጥ መጣል፣ ስለ አካባቢ ግድ የማይሰጠውን ነጋዴ እንኳ ሊያንገበግበው በተገባ ነበር። ማጣሪያ ለመትከል መነሻ ገንዘብ፣ ለማንቀሳቀስም መብራትና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን አቅልለን አናይም። ነገር ግን ፍሳሹ ያለ ክፍያ ሲለቀቅ ወጪው ጠፋ ማለት አይደለም። ከፋብሪካው መዝገብ ወደ ገበሬውና ወደ አርብቶ አደሩ ኪስ ተዛወረ እንጂ።

በሌላው ጫፍ፤ እከክ

ስለ ቆዳ ኢንዱስትሪ ኃላፊነት ሲነሣ ዓይናችን የሚያርፈው በፍሳሹ ቱቦ ላይ ነው። በሌላው ጫፍ፣ በለጋምቦና በቦረና ደጋ ያለው ጉዳይ ግን ያን ያህል አይነሣም። በእኛ ግምት ከፍሳሹ የማይተናነስ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው።

የኢትዮጵያ ሌጦ በዓለም ገበያ ስም ነበረው። «ባቲ ጀኒዩን» የሚለው የንግድ ስም ከወሎዋ የባቲ ገበያ የተወሰደ ሲሆን ለስዌድ የሚመረጠው የፍየል ሌጦ መጠሪያ ነው። «ሰላሌ ጀኒዩን» ደግሞ ለጓንት የሚፈለገው የደጋ በግ ሌጦ ነው። በእንግሊዝ አገር በየቪል ከተማ የነበረው ፒታርድስ የተባለው ኩባንያ የኢትዮጵያን የበግ ሌጦ ለጓንት ሲያዘጋጅ ኖሮ፣ ኋላም በአገራችን ፋብሪካ ይዞ ሠርቷል። እናት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ከስሮ ተዘጋ።

የሌጦውን ስም ያጎደፈው ነገር በፋብሪካ ሰዎች ዘንድ «እከክ» በሚለው የአማርኛ ስሙ ይታወቃል፤ በውጭ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ እንኳ ይኸው ቃል እንዳለ ገብቷል። ዋና አምጪዎቹ ቅማልና ሜሎፋገስ ኦቪነስ የተባለች ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ የበግ ዝንብ ናቸው። ይህች ዝንብ ቀዝቃዛ ደጋ ትወዳለች፤ ዕድሜዋን በሙሉ በበጉ ጠጉር ውስጥ ታሳልፋለች። ንክሻዋ በቆዳው ላይ አለርጂ ያስነሣና ጥቃቅን እባጮች ይፈጠራሉ። እጯን ከጠጉሩ ጋር አጣብቃ ትወልዳለች፤ እጩ ወዲያው ሽፋን አበጅቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በዚህ ሽፋን ውስጥ እያለ የሚረጨው መድኃኒት አይገድለውም። ስለሆነም አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ መድገም፣ ያውም የመንደሩን በግ ሁሉ በአንድነት መርጨት ያሻል። የአንዱ ጎረቤት በግ ከቀረ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

የእከክ ተንኮሉ ግን አለመታየቱ ነው። እባጮቹ በጠጉር ስለሚሸፈኑ ገበሬውም ሰብሳቢውም አያያቸውም። የሚገለጡት በፋብሪካው ውስጥ፣ ጠጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ከተነሣ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሌጦው ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ጎጆ እንደመጣ ማንም አያውቅም። ነጋዴው ጉዳቱን ገምቶ አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል፤ ቅናሹም በሁሉም ላይ እኩል ይወድቃል። በጉን በሚገባ ያስረጨው የለጋምቦ ገበሬና ጨርሶ ያላስረጨው ጎረቤቱ አንድ ዋጋ ያገኛሉ። ታዲያ የመድኃኒቱን ወጪ ለምን ይሸከም? ብዙ ጊዜ በጉን የሚሸጠው በቁመናው፣ ከነሕይወቱ ስለሆነ ከሌጦው ዋጋ ለእርሱ የሚደርሰው ነገር መኖሩም ያጠራጥራል። «ገበሬው ስለ ሌጦ ጥራት ግንዛቤ የለውም» የሚለውን የስብሰባ አነጋገር እኛ አንቀበለውም። ገበሬው ሒሳብ ያውቃል፤ ሒሳቡ እንዲህ ስለሆነ ነው የማያስረጨው።

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ ጣለበት። የታሰበው ጥሬ ዕቃው በአገር ውስጥ ተለፍቶ፣ ጫማና ጓንት ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ሐሳቡን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የውጭ ገዢው ከጥሬው ገበያ ሲወጣ የቀረው ገዢ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ፤ ፋብሪካዎቹም በውጭ ምንዛሪና በኬሚካል እጥረት ሲዳከሙ፣ በዓለም ገበያም ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲስፋፋ ዋጋው ወደቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በፋሲካም ሆነ በዐረፋ ማግስት ሌጦ ገዢ አጥቶ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ይታያል። አንድ ሌጦ በሙቀት ውስጥ በሰዓታት መበላሸት ስለሚጀምር ወዲያው ጨው ሊነካው ይገባል፤ ከጨው ዋጋ ያነሰ ሌጦ ላይ ግን ጨው የሚያፈስ ሰው አይገኝም።

እንግዲህ የአንድ ቆዳ ፋብሪካ ማኅበራዊ ኃላፊነት ከየት ይጀምር ቢባል፣ ከዚህ ጫፍ መጀመር እንደሚችል ይታየናል። የሌጦ መሰብሰቢያውን በቀበሌ ለይቶ ቢመዘግብ፣ ጠጉሩ ከተነሣ በኋላ የታየውን ጥራት ለዚያው ቀበሌ ቢያሳውቅ፣ ለተሻለውም የተሻለ ዋጋ ቢከፍል፣ የመርጨት ዘመቻው በራሱ ጊዜ ደጋፊ ያገኛል። ይህ በመሠረቱ የመረጃ ጉዳይ ነው፤ ቀለምና ቁጥር ያለው ምልክት ከሌጦው ጋር አብሮ እንዲጓዝ ማድረግ ነው። ከአንድ የትምህርት ቤት አጥር ግንባታ የበለጠ ገንዘብ ይፈጃል ብለን አናስብም።

ከሌሎች አገሮች ልምድ ብንወስድ ሕንድ ቅርብ ምሳሌ ናት። በታሚል ናዱ ግዛት የቬሎር ነዋሪዎች የፓላርን ወንዝ የበከሉ ቆዳ ፋብሪካዎችን ከስሰው፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 የበከለ ይክፈል የሚለውን መርሕ የሕንድ ሕግ አካል አድርጎ ወሰነ፤ ፋብሪካዎቹም ማጣሪያ እንዲያቆሙ ወይም እንዲዘጉ አዘዘ። ብዙዎቹ ተባብረው የጋራ ማጣሪያ ሠሩ። ሆኖም የቬሎር ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2025 ከዚያው ፍርድ ቤት ፊት እንደገና ቀርቧል። አፈር ውስጥ የገባ ነገር በፍርድ ወረቀት አይወጣም።

እኛ ጋ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች አሏቸው፤ አንዱ በጉ ባለበት፣ ሌላው ሌጦው በሚታጠብበት አገር መሆኑ ነው። የእከክን ስርጭት በደጋው የሚቆጥሩ፣ የለዮሌንና የቦርከናን ውኃ በክረምት ብቻ ሳይሆን በጥርና በየካቲትም የሚለኩ የመመረቂያ ጽሑፎች በተከታታይ ቢወጡ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በአገሪቱ ብርቅ የሚሆን መዝገብ ይኖረናል። ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካው መሣሪያ በኪስ የሚያዝ ነው፤ ክሮሚየሙን ለይቶ ባያሳይም ከጥሬ ቆዳ የታጠበው ጨው የት እንደገባ ይናገራል። የወንዙን የፍሰት መጠን ለማወቅ አንድ ብርቱካን፣ አንድ ሜትር ገመድና አንድ ሰዓት ይበቃሉ።

ከፋብሪካው በኩል የምንጠብቀው ደግሞ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አንድ አጭር ሠንጠረዥ ነው። በግራ ዓምድ በዓመቱ የተገዛው ክሮሚየም በኪሎ ግራም ይጻፋል። በቀኝ ዓምድ በተሸጠው ቆዳ ውስጥ የወጣው፣ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው፣ በዝቃጭ መልክ በአግባቡ የተቀበረውና በመጋዘን የቀረው ይዘረዘራል። ሁለቱ ዓምዶች ይደመራሉ፤ በመካከላቸው የተገኘው ልዩነትም፣ ስንትም ይሁን ስንት፣ ከግርጌ ይጻፋል።